የሰው ክምር ተንታኝ

ቅጽ ሲሞላ ባዶ ቦታ መተው የማይችል ሰው ለራሱ አደገኛ ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

በደርግ ጊዜ ቅጽ የማንሞላበት ሳምንት አልነበረም። ለስኳር ቅጽ፣ ለመታወቂያ ቅጽ፣ ለመንገድ ፈቃድ ቅጽ። አንዱ ቅጽ «የአያት ሀብት» ብሎ ጠየቀኝ። አያቴ እንኳን ሀብት መቋሚያም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን «የለም» ብል የደበቅሁ ይመስልብኛል ብዬ «ሁለት በግ» አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ፣ በግ መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥምና፣ «አራት በግ» ብዬ ሞላሁ። ጥቂት ዓመት ቢጨመርልኝ ኖሮ አያቴን ባላባት አድርጌያቸው አርፍ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ባለሁት በኔ እጅ ላይ አንድ ቀን «የሚችሉት የስፖርት ዓይነት» የሚል መስመር ያለበት የቀበሌ ቅጽ ወደቀ። ባዶ መተው አይሆንም፤ ስፖርት የማይወድ ሰው ሰነፍ ነው፣ ሰነፍ ደግሞ አድኃሪ ነው። «እግር ኳስ» ብሎ መጻፍ ግን ከዚህም የባሰ ነበር። እግር ኳስ ብለው የጻፉ ጎረቤቶቼ እሑድ እሑድ በጠዋት እየተቀሰቀሱ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ባለው ሜዳ ላይ ለቀበሌው ክብር ሲራገጡ ያረፍዳሉ። «ሩጫ» ያሉት በየበዓሉ መፈክር ተሸክመው ይሮጣሉ። እኔ እሑድ ጠዋት አልጋዬን የምለቅ ሰው አይደለሁም። የሚያስፈልገኝ እችላለሁ ብዬ የምጽፈው፣ ማንም ግን «እስቲ ና ተጫወት» ሊለኝ የማይችል ስፖርት ነበር።

የሰፈራችን ባለሱቅ ጨው የሚጠቀልሉት ከአውሮፕላን በወረደ የፈረንጅ ጋዜጣ ነው። ቦሌ መኖር ጥቅሙ ይኼ ነበር፤ የዓለምን ወሬ ከነጨዉ ይዘን እንገባለን። በአንዱ መጠቅለያ ላይ አንድ ፎቶ አይቼ አውቃለሁ። አሥር የሚሆኑ ጎረምሶች አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረዋል፤ ከሥር የሚታየው አንድ እጅ ብቻ ነው። ከፎቶው ግርጌ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ ለቅሜ «ራግቢ» የሚል ቃል አገኘሁ። ያንን በቅጹ ላይ አሰፈርኩት። «ደረጃ» ለሚለውም «ከፍተኛ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድን እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ወደ ገደሉ ከመድረሴ በፊት ስለ ቤት ላውራ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ቤት ነውና። እኔ፣ ባለቤቴ ጸዳለና ሁለቱ ልጆቻችን የምንኖረው በአማቴ በእትዬ ብርቄ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ አንዳችን ከተገላበጥን ሌሎቻችንም ተራ በተራ መገላበጥ ነበረብን። እትዬ ብርቄ ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። ሰው ሚስት አግብቶ አማቱ ጓሮ ሰባት ዓመት ሲቀመጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ባታውቁም እትዬ ብርቄ ይነግሯችኋል። ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠብቀው፣ «ያ ሠርግ እስካሁን አላለቀም እንዴ?» ይሉኛል።

ታዲያ በቀበሌያችን ወዲያኛው ጫፍ፣ ወደ ቡልቡላ ማሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተለቀቀ። ሁለት ክፍል! ማመልከቻ አስገባሁ። ሰባት ወር ሙሉ የሊቀመንበሩን የጓድ ዘለቀን በር ተመላለስኩበት። ጓድ ዘለቀ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን «ይፈቀድ» ብለው ከመፈረማቸው በፊት አመልካቹ ለሰፊው ሕዝብ ምን እንደሠራ ማየት ይወዳሉ። እኔ ለሰፊው ሕዝብ የሠራሁት ነገር እሑድ እሑድ አለመረበሼ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ አስጠሩኝ። ፋይሌ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። የቤቱ ነገር ነው ብዬ ልቤ ዘለለች።

«ራግቢ ትችላለህ ማለት ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ያው… እንደ ነገሩ።»

«እዚህ ላይ ‹ከፍተኛ› ይላል።»

«ድሮ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ትሕትናውን ተወው!» አሉና ነገሩን አስረዱኝ። ከሶሻሊስት ሮማኒያ የመጣ አንድ የጉድጓድ ውኃ መሐንዲስ በሚመጣው እሑድ ቀበሌያችንን ለወዳጅነት ይጎበኛል። ስጦታውን ቀድሞ ልኳል፤ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን ከአንድ የካፒታሊስት አገር ቡድን ጋር ያደረገው የራግቢ ግጥሚያ ፊልም ነው። ፊልሙ በአዳራሹ ይታያል። ከዚያ በቅጽ ተፈልጎ የተገኘው ብቸኛ የራግቢ ሊቅ፣ ማለትም እኔ፣ ለነዋሪው ትንተና እሰጣለሁ። የውይይት ክበቡ ልማድ በመሆኑም ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ በሂስ ይገመገማሉ።

«መሐንዲሱ በደብዳቤው አንድ ነገር አሳስቧል» አሉ የተተረጎመ ወረቀት እያነበቡ። «የጨዋታው ቁልፍ ነጥብ ማስቆጠሩ አይደለም ይላል። ኳስ የያዘው ሰው ተጠልፎ ሲወድቅ በዚያች ቅጽበት በወደቀው ሰው ላይ የሚደረገው ትግል ነው። እዚያ ማን ምን ሠራ? በዚህ ላይ አተኩር።» ከዚያ ፋይሌን ከደኑት። «የቤትህን ጉዳይ በማግስቱ ሰኞ እንጨርሰዋለን። እሑድን አሳምረው።»

«አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ግን በቅጽ ላይ መዋሸት በዚያን ጊዜ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። አንዱ መስመር ውሸት ከሆነ ሌሎቹም ይመረመራሉ፣ እነዚያ አራት በጎችም ይጠየቃሉ። ስለዚህ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ፊልሙን ሐሙስ ከሥራ በኋላ አንድ ጊዜ አሳዩኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። አሥራ አምስቱ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሰዋል፣ አሥራ አምስቱ ነጣ ያለ። ኳሱ ሎሚ ይመስላል። አንዱ ሎሚውን ይዞ ይሮጣል፣ ይጥሉታል፣ የደረሰ ሁሉ ይወጣበታል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። እንደገና ይሮጣል፣ ይጥሉታል፣ ይወጡበታል። ዳኛው አንዳንዴ ጠቆር ያሉትን ይቀጣል፣ አንዳንዴ ነጣ ያሉትን። ለምን እንደሆነ እሱና እግዜር ያውቃሉ። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር የጨው መጠቅለያው ላይ ያየሁት ክምር መንቀሳቀስ መጀመሩ ብቻ ነው።

ጥበቡን ያገኘሁት በማግስቱ ዓርብ፣ በኅብረት ሱቁ በር ላይ ነው። ስኳር መጣ ተባለና እትዬ ብርቄ ዘንቢል እንድይዝላቸው ይዘውኝ ሄዱ። ሰልፉ በሩ እስኪከፈት ድረስ የሰው ሰልፍ ነበር። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት አንድ ወፍራም ሰውዬ ስኳራቸውን ታቅፈው ሲወጡ ደፉ ላይ ተደናቀፉና በሩ መሐል ወደቁ። ወድቀውም ስኳሩን አልለቅም አሉ፤ ስለዚህ እጅ አጥተው መነሣት አልቻሉም። ከኋላ ያለው ሰው ገፋ፣ ፊት ያለው በሰውዬው ላይ ወደቀ፣ በሱ ላይ ሌላው ወደቀ። ከጎን ሾልኮ ለመግባት የሞከረውን ጥበቃው በዱላ ቸብ ያደርገዋል። ተራውን ጠብቆ ከኋላ የሚገፋውን ግን ዝም ይለዋል።

እኔ ዘንቢል ይዤ አፌን ከፈትኩ። ሐሙስ ያየሁት ፊልም ነበር፣ ያውም በቀለም!

በዚህ መሐል እትዬ ብርቄ ደረሱ። ጎንበስ አሉ። እግራቸውን ከፈት አደረጉ። ትከሻቸውን አስገብተው ሁለት ጎልማሶችን ወዲያና ወዲህ አደረጓቸውና ከወደቁት ሰውዬ በላይ እንደ ምሰሶ ቆሙ። «ወይ ይልቀቁ ወይ ይነሡ!» አሏቸው። ሰውዬው ደንግጠው ለቀቁ፣ ተነሡም። በተከፈተው ቀዳዳ የእትዬ ብርቄ የእድር ጓደኞች አንድ በአንድ ገቡ። እሳቸው በመጨረሻ ገብተው ድርሻቸውን ይዘው ወጡ፤ ነጠላቸው እንኳ ከትከሻቸው አልወረደም።

«እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አልኳቸው ስንመለስ።

«ምኑን?»

«ሰው ሁሉ ሲወድቅ እርስዎ የማይወድቁት።»

«ዝቅ ነዋ! ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው። ዝቅ በል፣ እግርህን ክፈት፣ ከኋላ ግባ። በጎን ከገባህ ዱላ አለ። የወደቀውን ልቀቅ በለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እሱን ማስለቀቅ ያንተ ሥራ ነው።» ትንሽ ተራመዱና ጨመሩ፤ «ደግሞ ስኳሩን ራስህ ለመያዝ አትቸኩል። አንተ መንገዱን ያዝ። ከኋላህ ያለችው ስኳሩን ትይዛለች።»

ቤት ስገባ ይህን ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ትንተናዬ አለቀ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቹ በጆንያና በየቤቱ ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። መሐንዲሱ ትከሻው ሰፊ፣ ራሱ በራ፣ ጆሮዎቹ ጭምድድ ያሉ ሰው ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ይመጣል የተባለው አስተርጓሚ ግን መኪናው ተበላሽቶ ቀረ። ጓድ ዘለቀ በላብ ተጠመቁ። መሐንዲሱ ጣሊያንኛ እንደሚችል በምልክት ሲያስረዳ ከሦስተኛው ረድፍ እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ። በልጃገረድነታቸው ፒያሳ አንድ ጣሊያን ዳቦ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሁለት ቃል ተለዋወጡ፣ መሐንዲሱ ሳቀ፣ እሳቸውም ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።

አንድ ያላጣራሁት ነገር ነበር። የትኛው ቡድን ሮማኒያ እንደሆነ አላውቅም። ለመጠየቅ አፈርኩ፤ «ከፍተኛ» ደረጃ ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም። ስለዚህ ተመራመርኩ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ ቀለም ጠቆር ብሎ ይታያል። ሶሻሊስት ቀይ ካልለበሰ ማን ይለብሳል? እንግዲያው ጠቆር ያሉት ወዳጆቻችን ናቸው፣ ነጣ ያሉት ኢምፔሪያሊስቶች። በሕይወቴ ከዚህ የጠራ ነገር አስቤ አላውቅም።

ፊልሙ አንድ ጊዜ ታይቶ ሲያልቅ፣ አሳዪው ክምር ክምሩን ደግሞ ማሳየት ጀመረ። እኔ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ።

«ይህን ጠቆር ያለ ሰባት ቁጥር ተመልከቱልኝ!» አልኩ። «ኳስ ይዞ ሲሮጥ አያችሁት? አላያችሁትም። ነጥብ አስቆጠረ? አላስቆጠረም። ግን ሰው በወደቀበት ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? እሱ ነው። ይኸው ዝቅ አለ! እግሩን ከፈተ! በጎን አልገባም፣ ዞሮ ከኋላ ገባ! ቆሞ ነው የሚታገለው፣ አልወደቀም! ኳሱን ፈልቅቆ ለጓዱ ሰጠ። ጓዱ ሮጦ አስቆጠረ፣ ተጨበጨበለት። ሰባት ቁጥር ግን ወደሚቀጥለው ክምር እየሮጠ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰባት ቁጥርን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በየቤቱ አንድ አለ። እኔም ሞቅ አለኝ።

«አሁን ደግሞ ይህን ነጣ ያለ ስምንት ቁጥር እዩት! ፀጉሩን እንደ ሙሽራ አሳድጓል። ኳስ ይዞ ወደቀ፤ ደንቡ ልቀቅ ይላል። አይለቅም! ታቅፎት ተኝቷል! ለምን? የግል ንብረቱ መስሎታላ! ይኸው ዳኛው ቀጣው። ሲቀጣ ደግሞ ይከራከራል፤ እጁን አየር ላይ ያወራጫል። ባራተኛው ክምርም እንዲሁ አደረገ፣ በስድስተኛውም። ግጥሚያውን ያስበላ እሱ ነው። ይህ የከበርቴ ጠባይ ነው!»

«ይውረድ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው መፈክር አሰማ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አውጥተው «የወደቀውን ሰው ለምን አያነሡትም፣ ጭካኔ አይደለም?» ብለው ጠየቁ። «ኳሱን ከለቀቀ ራሱ ይነሣል፣ እማማ» አልኳቸው፤ ተጨበጨበልኝ። ይህን ሁሉ እትዬ ብርቄ ለመሐንዲሱ ጆሮ ይተረጉማሉ። መሐንዲሱ መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ግንባሩን ይዞ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በደስታ የሚያለቅስ መሰለኝ።

ትንተናው ሲያበቃ ጓድ ዘለቀ እንግዳው አስተያየት እንዲሰጥ ጠየቁ። መሐንዲሱ ተነሥቶ ብዙ ተናገረ። ወደኔ ጠቆመ፣ ወደ ግድግዳው ጠቆመ፣ የራሱን ደረት መታ። እትዬ ብርቄ ሰምተው ሲጨርሱ አየት አደረጉኝ። ከመናገራቸው በፊት ሲያስቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በጣም ደስ ብሎኛል ይላል» ብለው ጀመሩ። «ትንተናው ትክክል ነው፤ ሰባት ቁጥርም ስምንት ቁጥርም ልክ እንደተባለው ናቸው ይላል።» ጭብጨባ። «ደግሞ እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው…» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ «እንዲህ ያለ ሰው ከስብሰባ አዳራሽ ርቆ መኖር የለበትም ይላል። በኛ አገር ቢሆን ሲፈለግ ባንድ ጥሪ እንዲገኝ፣ ከአዳራሹ አጥር ለአጥር ነው የምናኖረው ይላል።»

የቡልቡላው መንገድ ቤት ከአዳራሹ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። የእትዬ ብርቄ ግቢ ደግሞ አዳራሹን በቆርቆሮ አጥር ይዋሰናል።

ጓድ ዘለቀ ሰኞን አልጠበቁም። «ጓድ መሐንዲሱ ዓይናችንን ገለጠልን!» ብለው ፋይሌን አስመጡና፣ ማመልከቻዬ ላይ «ለቀበሌው የማንቃት ሥራ ሲባል አሁን ባለበት ይቆይ» ብለው እዚያው ጻፉ። ማኅተሙን ሲመቱት አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያን ጊዜ ሲጨበጨብ እጅ አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

በር ላይ መሐንዲሱ ያዘኝና ከኪሱ አንድ የቀለም ፎቶ አውጥቶ አሳየኝ። ቢጫ የለበሱ ጎረምሶች ናቸው። መሐል ላይ ስምንት ቁጥር ፀጉሩን እንደ ሙሽራ አሳድጎ ቆሟል። መሐንዲሱ መጀመሪያ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ የራሱን በራ ራስ በጣቱ ነካ። ቢጫ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው። ቀይ ለባሾቹ ካፒታሊስቶቹ ነበሩ። በቀበሌው ሕዝብ ፊት ኢምፔሪያሊስት አወድሼ፣ ሶሻሊስቱን እንግዳ ከበርቴ ብዬ ሰድቤዋለሁ። እሱ ግን ሁለት ጉንጬን ስሞኝ እየሳቀ መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤት ስደርስ እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቼ በግራና በቀኝ ተለጥፈውባቸው ቆሎ ይበላሉ።

«ሰውየው በእውነት ያለው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«‹ይህ ሰው ያወደሰው ያሸነፉንን ነው፤ የሰደበውም እኔን ነው› አለ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«‹ግን እውነቱን ነው› አለ። ‹ያን ቀን ዳኛው ነው ያስበላን እያልኩ ይኸው ፀጉሬ አለቀ። ያስበላሁት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም› አለ። ይህን እንዳለ ብተረጉመው ኖሮ አንተ አሁን የት ነበርክ?»

የት እንደምሆን አሰብኩና በረደኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው፣ ከልቤ ነው። «ያ አጥር ለአጥር ያሉትስ?»

«እሱን አላለም።»

«ታዲያ ማን አለው?»

«እኔ ነኛ።»

ደሜ ፈላ። ሰባት ወር በር ተመላልሻለሁ፣ ሁለት ክፍል ከእጄ ላይ ወጣ! «በየቀኑ ሠርጉ አላለቀም ወይ እያሉ የሚያባርሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። ጸዳለ ከጓሮ ብቅ ብላ በዓይኗ ለመነችኝ።

«እናገራለሁ እንጂ መቼ አባረርኩህ?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ በዝግታ። ቆሎውን ለልጆቹ እኩል አካፈሉ። «እነዚህ ጠዋት በሬን ደብድበው ካልቀሰቀሱኝ ለምን ብዬ እንደምነሣ አላውቅም።» ይህን ሲሉ ወደኔ አላዩም።

አፈርኩ። ሰባት ወር ሙሉ ስለ ሁለት ክፍል ሳስብ፣ እኛ ከወጣን በኋላ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ስለሚቀሩት ሴት አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ሳልበላ ገብቼ ተኛሁ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የጓሮዋ ክፍል ዕቃችን በሙሉ ግቢው መሐል ተዘርግቷል። ጸዳለ የፊቱን ትልቁን ቤት ትጠርጋለች። እትዬ ብርቄ ደግሞ ከዚያ ቤት የገዛ አልጋቸውን አውጥተው፣ እየጎተቱ እየገፉ ጓሮ ክፍሏ በር ድረስ አድርሰውታል። በሩ ጠቦ አላስገባ ብሏቸዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«እናንተ አራት ናችሁ፣ እኔ አንድ።»

«እትዬ ብርቄ፣ እኔ እኮ ትናንት ያን ሁሉ የተናገርኩት…»

«ቆመህ አትተንትን» አሉኝ፣ አልጋውን በትከሻቸው ደግፈው። «በዚያ በኩል ያዝ።»